ጉልበት ሲከዳ፦ ሕመምን ስለሚያስታግሰው መርፌ



ለሕክምና ድጋፍ ወደ ክፍላችን ከሚደርሱት ደብዳቤዎች መካከል ስለ ጉልበት ሕመም የተጻፉት ጥቂቶች አይደሉም። አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። «እኅታችን ጉልበቷን ታማ ከቤት ውላለች፤ ሐኪም መርፌ አዝዞላታልና የመርፌው ዋጋ እንዲሰጣት በጌታ ስም እንጠይቃለን» ይላሉ፤ ከግርጌውም የሽማግሌዎች ፊርማና የቤተ ክርስቲያኒቱ ማኅተም አለ። መርፌው የትኛው እንደ ሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ግን እምብዛም አይገኝም። በአንድ ስም የሚጠሩት እነዚህ መርፌዎች በሥራቸውም፣ በዋጋቸውም፣ በሚያስከትሉት ጉዳትም እጅግ የተለያዩ ናቸው። ሳይለዩ መርዳት አንዳንድ ጊዜ ሕመምተኛውን ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳዋል። ስለዚህ በዚህ እትም ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ወስነናል።

በአማርኛችን «ጉልበት» ማለት በጭንና በቅልጥም መካከል ያለው መገጣጠሚያ ነው፤ ደግሞም ኃይል ማለት ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል የጠሩት ያለ ምክንያት አይመስለንም። በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በተክለ ሃይማኖት ሰፈር ስንዘዋወር ይህን በዓይናችን እናየዋለን። ሰፈሩ የመርካቶ ጎረቤት ነው፤ ጆንያ ተሸክሞ የሚያድረው ወዛደር፣ ከምጣዱ ሥር የማትነሣው እንጀራ ጋጋሪ፣ ጉሊት ላይ ቁጢጥ ብላ የምትውለው እናት ኑሯቸው በጉልበታቸው ላይ የቆመ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ገድላቸው ለብዙ ዘመን ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደ ተሰበረ ይተርካል፤ ሠዓሊዎችም በአንድ እግር አቁመው ይሥሏቸዋል። በዚህ ስም በሚጠራ ሰፈር ስለ እግር ሕመም መነጋገር እንግዳ ነገር አይደለም። የቆዩ ቤቶች ፈርሰው ከአካባቢው ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወሩ አረጋውያን ደግሞ ሌላ ችግር ገጥሟቸዋል። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ጉልበቱ ከታመመ ወር ሙሉ ፀሐይ ሳይሞቅ ይከርማል።

አስቀድሞ ጉልበት ለምን እንደሚታመም እንመልከት። የጭን አጥንት ጫፍና የቅልጥም አጥንት ራስ በሚገናኙበት ቦታ ሁለቱም በነጭና በሚያንሸራትት ልም አጥንት ተሸፍነዋል። ከፊት ለፊት ሎሚ የምንለው ክብ አጥንት አለ። ዙሪያውን ጠንካራ ሽፋን ይዞታል፤ በውስጡም መገጣጠሚያውን የሚያለሰልስ ጥቂት ፈሳሽ አለ። በዕድሜ፣ በሰውነት ክብደት፣ በዱሮ ስብራትና በብዙ ዘመን ሸክም ልም አጥንቱ እየሳሳ ሲሄድ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ያብጣል፣ ሲታጠፍ ይንቋቋል። ሐኪሞች ይህን ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል። በሰፈራችን «ሪህ» ወይም «ብርድ ነው» ይባላል፤ ነገር ግን ሪህ የሚለው ስም ብዙ ልዩ ልዩ በሽታዎችን ስለሚያቅፍ በስሙ ብቻ መድኃኒት መግዛት አይገባም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የሚያልቀው ልም አጥንት ራሱ ነርቭ የለውም፤ ስለዚህ እርሱ አያምም። የሚያመው ከሥሩ ያለው አጥንት፣ የመገጣጠሚያው ሽፋንና የውስጡ ስስ ልባስ ነው። በመሆኑም በራጅ ላይ ጉልበቱ በጣም ያለቀ የሚመስል ሰው ሲራመድ ይታያል፤ ራጁ ብዙም ያልከፋ ሌላ ሰው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያድራል። ራጅ ብቻ አይቶ «ይህ ሰው ያን ያህል አልታመመም» ማለት ትክክል አይደለም። ለኮሚቴ አባሎቻችን ይህን በተለይ እናሳስባለን።

አሁን ወደ መርፌዎቹ እንሂድ። በመጀመሪያ ብዙዎች «ተወጋሁ» የሚሉት በመቀመጫ ላይ የሚሰጠውን የዲክሎፌናክ መርፌ ነው። ይህ የጉልበት መርፌ አይደለም፤ በደም ተሠራጭቶ በመላው ሰውነት ሕመምንና እብጠትን የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ ክኒኑም አንድ ዓይነት ነው። ለጥቂት ቀን ይረዳል። ሳይቋረጥ ሲወሰድ ግን ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትን ያባብሳል። ከዚህ የሚብሰው ስም ሳይጻፍበት በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ክኒን ነው። ከእነዚህ አንዳንዱ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ይሆናል፤ ሰውየው በሦስት ቀን ይነሣና «ተአምር ነው» ይላል፣ ከወራት በኋላ ግን ፊቱ ያብጣል፣ ስኳሩ ይጨምራል፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ በድንገት ቢያቆመውም ይወድቃል። ከገንዘባችን ለእንዲህ ያለ ክኒን አንዲት ሳንቲም እንዳትወጣ እንፈልጋለን።

ሁለተኛው መርፌ በቀጥታ በጉልበቱ ውስጥ የሚገባው የስቴሮይድ መርፌ ነው። ሐኪሙ ቆዳውን በሚገባ አጽድቶ፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ ውሃ ቢኖር አስቀድሞ ቀድቶ ያወጣና መድኃኒቱን ይሰጣል። የሚቀዳው ፈሳሽ ራሱ ምስክር ነው፤ ጥርት ያለ ከሆነ መልካም፣ የደፈረሰ ወይም መግል የመሰለ ከሆነ ግን ወደ ላቦራቶሪ ይላካል እንጂ ስቴሮይድ አይሰጥበትም። መርፌው ያበጠና የጋለ ስሜት ያለው ጉልበት ላይ መልካም ይሠራል፤ እፎይታው የሚቆየው ግን በአብዛኛው ለጥቂት ሳምንታት ነው። በአንድ ጉልበት ላይ በዓመት ከሦስትና ከአራት ጊዜ በላይ መስጠት አይመከርም። በ2017 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የታተመ ጥናት 140 ሕመምተኞችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ፣ በየሦስት ወሩ ስቴሮይድ የተወጉት የጨው ውሃ ብቻ ከተወጉት ይልቅ ልም አጥንታቸው እንደ ሳሳ፣ በሕመም መቀነስ ግን እንዳልበለጧቸው አሳይቷል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀን ስኳሩ ከፍ ስለሚል ማስለካት አለበት።

ሦስተኛው ነርቭን የሚያደነዝዘው መርፌ ነው፤ ደብዳቤዎቻችሁ ውስጥ ተሸሽጎ የምናገኘውና ዋጋውም ከሌሎቹ ከፍ የሚለው ይህ ነው። ሕመም ከጉልበት ተነሥቶ ወደ አንጎል የሚደርሰው በነርቭ ነው፤ ነርቭን እንደ ስልክ ሽቦ አድርጋችሁ አስቡት። መድኃኒቱ ሽቦውን አይቆርጠውም። በነርቩ ገጽ ላይ ያሉትን፣ ሶዲየም የሚገባባቸውን ጥቃቅን በሮች ለጊዜው ይዘጋል፤ በሮቹ እስኪከፈቱ ድረስ መልእክት አያልፍም። የአካባቢ ማደንዘዣ ታሪክ የጀመረው በ1884 (እ.ኤ.አ.) በቪየና ካርል ኮለር የተባለ ሐኪም ኮኬይንን ለዓይን ቀዶ ሕክምና በተጠቀመበት ጊዜ ነው። ኮኬይን ግን መርዝም ሱስም ነበረው። ዛሬ የምንጠቀምበትን ሊዶኬይን በ1943 (እ.ኤ.አ.) የሠራው ስዊድናዊው ኬሚስት ኒልስ ሎፍግሬን ነው። ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከንፈር ወፍሮ የሚሰማው በእርሱ ነው። ሊዶኬይን ለአንድና ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ቡፒቫኬይን የተባለው ዘመዱ ደግሞ ለበርካታ ሰዓታት ይቆያል።

በጉልበት ላይ ይህ መርፌ በሁለት መንገድ ይሠራበታል። አንደኛው ለቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ ወደ ጭን የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ያደነዝዛል፤ ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ከባድ ሕመም ሳይሰማው የመጀመሪያውን ቀን ያልፋል። ነገር ግን ትልቁ ነርቭ የጭን ጡንቻንም ስለሚያዝዝ እግሩ ይዝላል፤ በዚያ ቀን ያለ ደጋፊ ከአልጋ የሚወርድ ሰው ይወድቃል። በሆስፒታል አስታማሚ ሆናችሁ የምታድሩ ወገኖች ይህን እወቁ።

ሌላው ለዘመናት የቆየ ሕመም የሚሰጠው ነው። በጉልበት ዙሪያ ሕመምን ብቻ የሚያመላልሱ ቀጫጭን የነርቭ ቅርንጫፎች አሉ። ከእነዚህ ሦስቱ፣ ማለትም ከላይ በውጭ በኩል፣ ከላይ በውስጥ በኩልና ከታች በውስጥ በኩል ያሉት፣ ከአጥንቱ ጋር ተጠግተው ስለሚያልፉ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ እየታዩ ሊደነዝዙ ይችላሉ። ከታች በውጭ በኩል ያለውን ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ አይነኩም፤ በአጠገቡ የእግርን ፊት ወደ ላይ የሚያነሣ ነርቭ ያልፋልና። እርሱ ከተጎዳ ሰውየው እግሩን እየጎተተ ይቀራል። ይህ ሥራ የሰውነትን አቀማመጥ በሚገባ የተማረ ባለሙያ እንጂ በግምት መርፌ የሚወጋ ሰው የማይሠራው ለዚህ ነው።

ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚበቃው አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የመጀመሪያው መርፌ በአብዛኛው መፈተኛ እንደ ሆነ ልብ በሉ። ሐኪሙ ሕመምተኛውን «ዛሬ ሂድና ተራመድ፣ ደረጃ ውጣ፤ በየሰዓቱ ሕመሙ ምን ያህል እንደ ቀነሰ ጻፍ» ይለዋል። ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ መልእክቱ በእነዚህ ነርቮች እንደሚያልፍ ታወቀ ማለት ነው። ካልቀነሰ ሕመሙ ከሌላ ስፍራ፣ ምናልባትም ከወገብ ወይም ከዳሌ ሊመጣ ይችላል። ማምሻውን ሕመሙ ሲመለስ «ገንዘባችን በከንቱ ጠፋ» ብለው የሚያዝኑ ብዙ ናቸው። መርፌው ግን የተላከበትን ጉዳይ ፈጽሟል። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እናቶች የልማት ሠራተኛ ወይም የሰንበት ትምህርት ተማሪ አጠገባቸው ተቀምጦ ቢመዘግብላቸው ትልቅ አገልግሎት ነው።

ፈተናው ከተሳካ ቀጣዩ እርምጃ እነዚያኑ ቅርንጫፎች በሙቀት ማቃጠል ሊሆን ይችላል። ቀጭን መርፌ ከነርቩ አጠገብ ይቀመጥና በሬዲዮ ሞገድ ኃይል ጫፉ እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ለእያንዳንዱ ነርቭ አንድ ደቂቃ ወይም ጥቂት የበለጠ ይወስዳል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የደቡብ ኮሪያ ሐኪሞች ይህን ዘዴ ለጉልበት ተጠቅመው ውጤቱን ካሳተሙ ወዲህ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። በተሳካላቸው ሰዎች ላይ እፎይታው ለስድስት ወር፣ አንዳንድ ጊዜም ለአንድ ዓመት ያህል ይቆያል። ነርቩ እንደ ተቆረጠ ቅርንጫፍ ቀስ በቀስ ያቆጠቁጣልና ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። መሣሪያው በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። ከተክለ ሃይማኖት ለሚነሣ ሕመምተኛ ትክክለኛው መንገድ በጤና ጣቢያ ተመርምሮ በሪፈር ወረቀት መሄድ ነው። በዚያው ክፍለ ከተማ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ፤ የአጥንትና የማደንዘዣ ስፔሻሊስቶችም እዚያ ያስተምራሉ። የጤና መድን ያላቸው ወገኖች ከጤና ጣቢያ የተጻፈ ሪፈር ሳይዙ ቢሄዱ ወጪው በራሳቸው ላይ ሊወድቅ እንደሚችል ንገሯቸው።

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። ከእነዚህ መርፌዎች አንዱም ያለቀውን ልም አጥንት አያበቅልም። መልእክተኛውን ዝም ያሰኛሉ እንጂ መልእክቱን የላከውን አያድኑም። እንግዲያው ለምን ገንዘብ ይወጣባቸዋል? ሕመም በቀነሰባቸው ሳምንታት ውስጥ ሰውየው የጭን ጡንቻውን ማጠንከር ስለሚችል ነው። የታመመ ሰው አይንቀሳቀስም፤ ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ ሸክሙ ሁሉ በመገጣጠሚያው ላይ ይወድቅና ሕመሙ ይብሳል። መርፌው ይህን አዙሪት የሚሰብር በር ከፋች ነው።

በሰፈሩ የምናውቃቸው አንዲት እናት አሉ፤ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ሦስት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። የመጀመሪያው መርፌ በጉልበታቸው በተሰጣቸው በሳምንቱ ከወፍጮ ቤት ጤፍ ተሸክመው መጡ። «ዳንኩ ብዬ ነዋ፣ ልጆቼ» አሉን። ጉልበታቸው ዳግመኛ አብጦ ሁለት ሳምንት ተኙ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ጎረቤት ያለች እኅት በየማታው እየመጣች እንቅስቃሴውን አብራቸው ትሠራ ጀመር፤ ወጣቶቹ ምጣዱን ከፍ ባለ የጡብ ምድጃ ላይ አስቀመጡላቸው፤ ዱካውም በወንበር ተተካ። ዱቄቱን የሚያመጣው የልጅ ልጃቸው ሆነ። በሁለቱ ጊዜያት የተሰጣቸው መድኃኒት አንድ ነበር።

እንቅስቃሴው ቀላል ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ አንዱን እግር ቀጥ አድርጎ ማንሣት፣ እስከ አምስት እየቆጠሩ መያዝ፣ ቀስ ብሎ ማውረድ፤ በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ፣ ጧትና ማታ። ሲሠሩት ጥቂት መሰማቱ አያስፈራም፤ በማግሥቱ ካበጠ ግን መቀነስ ነው። ከክብደት አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ሸክም እንደሚያወርድ ተለክቶ ታውቋል። ከዘራም ቢሆን መያዣ ሥርዓት አለው፤ የሚያዘው ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ነው። ይህን ስንናገር ብዙዎች ይገረማሉ፣ ሞክረውት ግን አይመለሱም።

ስለ ሌሎቹ ሕክምናዎች በአጭሩ እንናገር። ጉልበትን በትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ በመሣሪያ እያዩ ማጠብና መፋቅ ለብዙ ዓመታት የተለመደ ነበር። በ2002 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ በ180 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ግን፣ ቆዳቸው ብቻ ተሠንጥቆ የተሰፉት ሰዎችና በእውነት የታጠቡት ሰዎች እፎይታቸው እኩል እንደ ነበረ አሳየ። ስለዚህ በዕድሜ ላለቀ ጉልበት ይህን ሕክምና አንደግፍም። መገጣጠሚያውን በብረትና በፕላስቲክ መተካት ግን በእርግጥ የሚጠቅም ነው፤ በሚገባ ከተሠራ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያገለግላል። ዋጋው ከባድ ነው፤ ተራውም ይረዝማል። ለዚህ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዘ ሰው ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ወራት የስቴሮይድ መርፌ መወጋት የለበትም፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላልና።

ፈጽሞ ማደንዘዝ የማይገባ ጉልበትም አለ። በድንገት ያበጠ፣ የቀላ፣ እንደ እሳት የሚፋጅ፣ ትኩሳት ያለበት ጉልበት መግል ሊኖረው ይችላል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ልም አጥንቱን ይበላዋልና በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። በተለይ መርፌ ከተወጉ በኋላ እንዲህ ከሆነ አንድ ሌሊት እንኳ አያሳድሩት። ቀስ በቀስ ለወራት እያበጠ የሚሄድ፣ ከክብደት መቀነስና ከሌሊት ላብ ጋር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የመገጣጠሚያ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። ወድቆ መቆም ያቃተው ሰው ራጅ ያስፈልገዋል። ወጌሻዎች በሙያቸው ብዙ ሰው እንደሚረዱ እናውቃለን፤ የጋለና ያበጠ ጉልበት ግን ታሽቶ አይድንም።

«ጌታን የሚታመን ሰው መርፌ ለምን ይፈልጋል?» የሚሉ ወገኖች በየቦታው ያጋጥሙናል። የጳውሎስ ባልንጀራ ሉቃስ ሐኪም ነበረ (ቆላ. 4፥14)፤ ነቢዩም የደከሙ ጉልበቶችን ስለ ማጽናት የተናገረው (ኢሳ. 35፥3) ለተስፈኛ ሕዝብ ነው። እንጸልያለን፣ እናሳክማለንም። ለመጋቢዎችም አንድ ልመና አለን፤ በጸሎት ጊዜ «ሁላችን እንንበርከክ» ሲባል ጉልበታቸው የታመመ አረጋውያን በኀፍረት ተንበርክከው ለመነሣት ሰው ሲፈልጉ አይተናል። ተቀምጠው እንዲጸልዩ በግልጽ ይነገራቸው።

ከእንግዲህ ለጉልበት ሕክምና የምትልኩት ደብዳቤ ሕመምተኛውን የመረመረውን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል፣ የታዘዘውን መርፌ ስምና የሚወጋበትን ስፍራ፣ ማለትም በመቀመጫ፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ ወይም በነርቭ መሆኑን፣ ደግሞም ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደ ተወጋ ይግለጽ። የስኳር በሽታ ካለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከሚወስድ ይጻፍ። ከዚህ ጋር በየማታው እንቅስቃሴውን አብሮት የሚሠራ የአንድ ምእመን ስም ይጨመርበት፤ ያን ስም የያዙትን ደብዳቤዎች አስቀድመን እንመለከታለን።